ራሱ የጠፋ ሚስማር

ሙይ ደሙን ያየችው በማለዳ ለአሳማዎቹ ምግብ ልታወርድ ስትል ነው። ከመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ላይ አንድ ጠብታ፣ ከአምስተኛው ላይ ሌላ፣ ከላይ ከወለሉ አፍ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ደርቆ የጠቆረ ነጥብ ነበር። ባልዲዋን አስቀምጣ በጥፍሯ ጫረችው። ቤቱ በምሰሶዎች ላይ የቆመ ነውና ከወለሉ ሥር ገብታ ዶሮዎቹን ቆጠረች። አንድም አልጎደለም።

ባሏ ኖንግ ስላን ከላይ ሆኖ ቆጠራዋን ሰማ። ዶሮ ማታ እንጂ ጠዋት አይቆጠርም፤ ስለዚህ ወጥቶ ወደ ታች ተመለከተና ደሙን አየ። በእነዚያ በካኦ ባንግ የድንጋይ ተራሮች መካከል በሚኖሩት በኑንግ ሰዎች ዘንድ በሰው መሰላል ላይ የተገኘ ደም እንዲሁ አይታለፍም። ክፉ ያሰበ ሰው የዶሮ ደም አንጠባጥቦ ይሄዳል ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚልከው ነገር ወደ ቤቱ የሚገባበትን መንገድ አይስትም።

ስላን ጠብታውን እየተከተለ ሄደ። ወደ ውጭ የሚወስደው መስሎት ነበር፤ ወደ ውስጥ ወሰደው። ምድጃውን አለፈ፣ የበቆሎውን ጎታ አለፈ፣ መጨረሻ ላይ የራሱ መኝታ ጫፍ ላይ አቆመው።

«እግርህን አንሳ» አለችው ሙይ ከኋላው።

«የምን እግር?»

«የቀኙን። አንሳ እንጂ አንተ ሰውዬ፤ ወለሉ ላይ እያተምክ ነው የምትዞረው።»

ተቀምጦ እግሩን ገለበጠ። ከትንሿ ጣት ሥር፣ ቆዳው እንደ ቀንድ በጠነከረበት ቦታ፣ እንደ ዓሣ ዓይን ያለ ጥቁር ነገር ይታያል። ሙይ ትንሿን ጉጠት አመጣችለት። ስላን በጉጠቱ ያዘና ሳበ። የአንድ ጣት አንጓ ያህል ሚስማር ወጣ።

ምንም አላመመውም። ያስደነገጠውም ይኸው ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ብረት ቀጥቅጧል፤ የፍንጣሪን ቃጠሎ፣ አውራ ጣት ላይ ያረፈን መዶሻ ያውቃል። ሚስማር ወግቶት ሳያውቅ የሚቀር ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነው። እንግዲያው ይህ ሚስማር እንደ ሌላው ሚስማር ተረግጦ አልገባም።

ደግሞ ራስ የለውም። ራስ የሌለው ሚስማር እንጨት አይይዝም፤ ዘልቆ እንዲገባ እንጂ ቆሞ እንዲቀር አልተሠራም ማለት ነው። ከዚያም በላይ አራት ማዕዘን ነው። በመንደሩ አርባ የሚሆኑ ቀጥቃጮች አሉ፤ ሁሉም የቢላዋውን ጭራ አግለው እጀታው ውስጥ ይሰኩታል። እጀታውን በሚስማር የሚመታ፣ ሚስማሩንም ራሱ አራት ማዕዘን አድርጎ የሚቀጠቅጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ሉኦንግ ክዋን።

ስላን ሚስማሩን በእጁ አልነካውም። የተላከ ነገር በባዶ እጅ አይነካም። ከጉጠቱ አፍ በቀይ ጨርቅ ላይ ጣለው፣ ሦስት ጊዜ ቋጠረውና ከመሣሪያ ሣጥኑ ታች አስገባው።

«ማን ነው?» አለች ሙይ።

«ማን ሊሆን ነው።»

ሙይ ወደ ባልዲዋ ተመለሰች። እንዳልተስማማች ስላን ያውቅ ነበር።

የክዋን እናት ተድራ የመጣችው ከማዶ መንደር ነበር። በዚያ መንደር የዶሮ መንፈስ የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ ይባላል። እንዲህ ያለ ቤት የጠላውን ሰው በበሽታ ይይዛል፣ መንፈሱንም ከእናት ወደ ልጅና ወደ ልጅ ልጅ ያወርሳል ስለሚባል ልጆቹን የሚያገባ የለም። ስለ ክዋን እናት የተወራው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ የሞተውም ክብደት ያለው ሰው ስላልደገመው ነው። ስላን ራሱ አንድም ቀን አልደገመውም። ክዋን በስላን አባት ወናፍ ሥር አብሮት ያደገ ልጅ ነው።

አሁን ግን የክዋን አንድ ልጁ ኒም ታጭታለች። ከአራት ቀን በኋላ፣ በገበያው ዕለት፣ የሙሽራው አጎቶች ይመጣሉ። የጥሎሹን አሳማ ከማምጣታቸው በፊት እንደ ወጉ የጎረቤት ሽማግሌ ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ስላን ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የዚያ ቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይ? ቀጥ ብሎ ይወጣል ካለ ሠርጉ ይደገሳል። ዝም ካለ አጎቶቹ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ በመጡበት ይመለሳሉ፣ ኒምም በአባቷ ቤት ጠጉሯ ይሸብታል። ክፉ ቃል መናገር አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ይበቃዋል።

ክዋን ለምን እንደላከበት ማሰብ ስላንን አላደከመውም። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ክዋን ገበያ በወረደበት ሰዓት ስላን በጓሮ በኩል ዞሮ የክዋንን የብረት ቁርጥራጭ ክምር ሲበረብር ነበር። ማንም አላየኝም ብሎ ነበር። ለካ ታይቷል። ለካ ብድሩ ተመልሶለታል።

ስላን ስኳር አለበት መባሉን የሰማው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የነገረችው የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ኤን ናት፤ የዚያው መንደር ልጅ፣ ትናንት በልጅነቷ ሸንኮራ አገዳ ስታኝክ ያያት። ደሙን ከጣቱ ወስዳ ስታበቃ ጫማውን አስወለቀችው። በትልቅ ሰው ውስጥ እግር ላይ ማፍጠጥ ነውር መሆኑን እናቷ እንዴት እንዳላስተማረቻት ገረመው። ከዚያ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ያለ ቀጭን ክር አወጣች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ አባባ። ሲነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ስላን ዓይኑን ሙሉ በሙሉ አልጨፈነም። በሽፋሽፍቱ መካከል ትከሻዋን ይመለከት ነበር፤ ትከሻዋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «አዎ» ይላል። ዘጠኝ ጊዜ አዎ አለ። በአሥረኛው ልጅቷ ትከሻዋን አንቀሳቅሳ ክሩን ሳታስነካው ቀረች፤ እሱ ግን «አዎ» አለ። ኤን አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ስላን ቤቱ ሲገባ ልጅቷ አታላይ መሆኗን ለሙይ ነገራት። ሳትነካ የነካች የምትመስል ሰው ሌላም ነገር አታጣም አለ።

ስለዚህ ያዘዘችውን ሁሉ በጥርጣሬ ሰማው። በየምሽቱ ውስጥ እግርዎን ይዩ፣ ካልታየዎት በመስታወት ይዩ፣ ወይም ሙይ ትይልዎት። ጫማዎን ሳያራግፉ፣ ውስጡንም በእጅዎ ሳይዳብሱ አያጥልቁ። በሙቅ ውሃ አይታጠቡ። ቆዳዎን በቢላዋ አይላጡ። ስላን የመንደሩን ሁሉ ውስጥ እግር ማየት የፈለገች ልጅ ለበላዮቿ የምትጽፈው ነገር ቢኖራት ነው ብሎ ደመደመ።

እሱ የሚያውቀው የአባቱን መንገድ ነው። በየምሽቱ የጋለ ብረት ሲነከርበት የዋለውን ውሃ በባልዲ ይዞ መጥቶ፣ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጦ፣ እግሩን ይነክራል። ይህ ውሃ አርባ ዓመት ቃጠሎውን አድርቆለታል። ሙቀቱን በእጁ አይለካም፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውሃው ቀዝቃዛ እየሆነ መምጣቱን ብቻ ታዝቦ የከሰሉን ጥራት ይረግም ነበር። የጠነከረውን ቆዳ ራሱ በሠራት ትንሽ ቢላዋ ይልጣል። የሚጫማው በረባሶም ከከባድ መኪና ጎማ በእጁ የቆረጠው ነው፤ ባሌስትራ የሚባለው የመኪናው ወፍራም የብረት ሞላ ደግሞ ቢላዋ ሆኗል።

ሚስማሩ በወጣ በማግስቱ መዶሻ ማንሳት አቃተው። እግሩ አላመመውም፤ ግን ከበደው፣ ከማበጡ የተነሳ ቁርጭምጭሚቱም ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ክዋን በቀርከሃ ውስጥ የተወቀጠ ቅጠል ይዞ መጣ። ወደ ላይ አልወጣም፤ ከመሰላሉ ሥር ሆኖ ተጣራ።

«አያ ስላን፣ ዛሬ መዶሻህ አልተሰማም። ለጆሯችን አዘንክልን እንዴ?»

«ብረት አልቆብኛል።»

«ከእኔ ውሰድ እንጂ። ክምሩ እንደሆነ ጓሮ ነው፤ ታውቀዋለህ።»

ስላን ያቺን ‹ታውቀዋለህ› ያዛት። ገለበጣት፣ አገላበጣት። የመንደሩ ሰው ሁሉ ክምሩ የት እንዳለ ያውቃል፤ ታዲያ ለእሱ ለብቻው ለምን ትነገረዋለች? ክዋን ቅጠሉን ለሙይ ሰጥቶ፣ እግርህ አብጧል ስላሉኝ ነው፣ ሌሊቱን እሰርበት ብሎ ሄደ። ማን እንዳለው አልተናገረም።

«ለአሳማዎቹ ስጫቸው» አለ ስላን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ተይው፤ አሳማም ይሙትብን ወይ? ቅበሪው።»

«ሠላሳ ዓመት አጥርህን እያጠረልህ ኖሮ ዛሬ በቅጠል ሊገድልህ ነው?»

«ዛሬ ልጁን ሊድር ነው። እኔ እንዳልናገር አፌን ሊዘጋ ነው።»

«ምን ትናገራለህ ብሎ?»

ስላን ጥያቄዋን ተንኮል አድርጎ ቆጠረው።

በሦስተኛው ቀን ሙይ ሳትነግረው ኤንን ጠራቻት። ልጅቷ ስትገባ ከመሰላሉ አፍ ላይ ቆም ብላ አየሩን ስታሸት አያት። እግሩ እስከ ባቱ ቀልቷል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ደግሞ ይሸታል። ስላን ሽታው ከወለሉ ሥር ካሉት አሳማዎች ነው ሲል ከርሟል።

ኤን ቁስሉን አጠበች፣ ትኩሳቱን ለካች፣ ከዚያ ዛሬውኑ ወደ ወረዳው ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ነገረችው። ወደ አጥንት ከወረደ ጣት ብቻ ሳይሆን እግርም ሊሄድ እንደሚችል አልደበቀችውም። ስላን ከገበያው ዕለት በኋላ እሄዳለሁ አለ።

«ምን ወጋዎት?»

«አልወጋኝም። ተልኮብኝ ነው።»

ኤንም የዚያ አገር ልጅ ናት፤ አልሳቀችም። ማን እንደላከው ጠየቀችው። በገበያው ዕለት ትሰሚያለሽ አላት። በገበያው ዕለት ማን እንደሚመጣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ኒም ደግሞ የኤን እኩያ ናት፤ አብረው ነው ከብት ያገዱት። ልጅቷ ፋሻውን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«አባባ፣ ስኳሩ የእግርዎን ስሜት ወስዶታል። ሚስማሩ ሲገባ እግርዎ አልነገረዎትም። ዋሽቶዎታል።»

«ስልሳ ስምንት ዓመት ተሸክሞኛል። ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«ሚስማሩን ያሳዩኝ እስቲ።»

«አይፈታም።»

ለመነችው፤ ሙይም ለመነችው። ስላን ሁለቱ ሴቶች ሲተያዩ አይቶ ተመካክረው የመጡ ናቸው አለ በልቡ። ክኒኑን ተቀበለ፤ ግን ኤን እስክትሄድ ጠብቆ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን በዓይኑ መረመረ። ማንበብ ባይችልም ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በመጨረሻ ዋጠው።

በገበያው ዕለት ማለዳ ትኩሳት ነበረው። ቢሆንም በጥቁር ሰማያዊ የተነከረውን የክብር ልብሱን ለብሶ፣ እግሩን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ሁለት ሰዎች መጡ፤ ትልቁ አጎት ቾንግ የተባለ ግንበኛ፣ ሌላው ታናሽ ወንድሙ። ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው ተነጋገሩ። ከዚያ ቾንግ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠየቀ።

«የጎረቤትህ ቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል?»

ስላን ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን ሳያስረዳ የሚፈርድ ሰው እንዳይባል ፈለገ፤ ለፍርዱ ማስረጃ አለው። ሙይን ሣጥኑን አስመጣትና ቀዩን ጨርቅ በጉጠት ፈታው። ይህ ከእግሬ ወጣ አላቸው፤ አራት ማዕዘኑን እዩት፣ የማን እጅ እንደሆነ ማንንም ሰው ጠይቁ። ሁለቱ ሰዎች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ራሱስ የት አለ?» አለ ቾንግ።

«ተቆርጧል። እንዳይቆም ሆን ተብሎ።»

«በምን ቆረጠው? በመሮ ነው ወይስ በሞረድ?»

ቾንግ የጠየቀው ለተንኮል አልነበረም፤ ቤቱ ሲመለስ በትክክል ማውራት ስለፈለገ ነው። ስላን ግን ከመንደሩ ቀጥቃጮች ግማሹን ያስተማረ ሰው ነው፤ ስለ ብረት ተጠይቆ አላውቅም ብሎ አያውቅም። መነጽሩን አደረገ። ሚስማሩን በጉጠት እንደያዘ ወደ መስኮቱ ተንፏቀቀ። ካወጣው ጀምሮ ዛሬ ገና በቀን ብርሃን ማየቱ ነው።

መሮ ቢሆን ኖሮ ከንፈር የመሰለ ጠርዝ ይተው ነበር። ከንፈር የለውም። ሞረድ ቢሆን ወደ አንድ ወገን የሚሄዱ መስመሮች ይኖሩት ነበር። የሉትም። የሚስማሩ ራስ የነበረበት ጫፍ እንዳረጀ መቆፈሪያ አፍ ወደ አንድ ጎን ተዳፍቷል፤ እንደ ብር ያበራል፤ በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች በየአቅጣጫው ተሯሩጠዋል። ስላን ይህን ብርሃን ያውቀዋል። የሽማግሌ ምርኩዝ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ነው እንዲህ የሚያበራው። የሚወለውለው ድንጋይ ነው፤ የሚወለውለውም ቀስ በቀስ፣ ሰው ሲራመድበት ነው።

«በረባሶዬን አምጪ» አለ።

ሙይ አመጣችለት። የቀኙን ገለበጠ። ከትንሿ ጣት ሥር፣ ጎማው ላይ፣ አንድ ቀዳዳ አለ፤ አፉ የተጨማለቀ፣ ዙሪያው በዝገት የቀላ። በረባሶው የተበላው በውጭው ጠርዙ ነው። ባሌስትራ ጉልበቱ ላይ ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ ስላን ወደ ውጭ ተደግፎ እንደሚራመድ አገር ያውቃል፤ ሚስማሩም የተዳፋው ወደዚያው ነው።

አሥራ አንድ ቀን። ሚስማሩ ሙሉ ራሱን ይዞ ከክዋን ክምር ውስጥ ጎማውን ወግቶ ገብቷል። ስላን በየጠዋቱ በረባሶውን ሲያጠልቅ ጫፉ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ማታ ሲያወልቅ ይወጣል። ውሃ ሲቀዳ፣ በድንጋዩ መካከል በቆሎ ሲኮተኩት፣ የሚስማሩ ራስ ከታች እያለቀ ሄዷል። ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ጎማው ሊይዘው አልቻለምና ተንሸራቶ እግሩ ውስጥ ቀረ። እግሩ ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስላን ሚስማሩን ከጉጠቱ አውጥቶ በባዶ እጁ ያዘው። አንገቱን ቀና አላደረገም።

ታናሽየው ወንድም ወደ ቾንግ ተመለከተ፤ ቾንግም ቀስ ብሎ ቆቡን አነሳ። ስላን ይህን አየ። ዝምታው እንደ መልስ እየተቆጠረ መሆኑ ያኔ ገባው። ስህተት ነው ብሎ ብቻ ማለፍም አይችልም፤ ሚስማሩ የክዋን ነው ብሎ ራሱ አሳይቷል፤ አሁን እንዴት እግሩ ውስጥ እንደገባ መናገር አለበት፤ ያንን ለመናገር ደግሞ የት እንደነበረ መናገር አለበት።

«ተቀመጡ» አለ። «ሚስማሩ የክዋን ነው። ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ በገዛ እግሬ። እሱ ገበያ በሄደበት ጓሮው ገብቼ ነበር።»

«ምን ልታደርግ?»

«የሚጥለውን ብረት ለማየት።»

«ቁርጥራጭ ብረት ምን ይሠራልሃል?» አለ ታናሽየው፤ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም።

ስላን ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ሙይ የመጀመሪያው ቃል ከአፉ እስኪወጣ ድረስ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

«የእሱ ቢላዋ አፉ አይሸራረፍም። የእኔ ይሸራረፋል። ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የሌባ ሥራ ነው የሠራሁት። እሱ አልበደለኝም። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።»

ቾንግ ቆቡን ወለሉ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሻይ ጠጡ፤ እንደ ወጉ ሙሉውን ኩባያ ጨረሱ። ከዚያ ቾንግ አንተ ሰውዬ ታመሃል እኮ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ አለ። ሙይ ይህንን ስትጠብቅ ነበር። ወደ ጤና ኬላው ሮጠች።

መኪና መንደሩ ድረስ አይገባም። ወንበር ከሁለት ቀርከሃ ጋር አሰሩና ስላንን አስቀመጡት። ሁለቱ አጎቶች ከኋላ፣ የሙይ ወንድም ከፊት ሆነው አነሱት፤ ኤን ፋሻዋን ይዛ በጎን ትሄዳለች። ሁለት ጣቶቹ ሆስፒታል እንደሚቀሩ ገና አላወቀም፤ ልጅቷ እግሩን ለማትረፍ ገና ጊዜ አለን ስትል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አይቶ አልተጠራጠራትም።

በክዋን ቤት ደጃፍ ሲያልፉ መዶሻው ቆመ። ክዋን እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ። አጎቶቹን አየ፣ ወንበሩን አየ። ምንም አልጠየቀም። ከፊት ባዶ ወደነበረው የቀርከሃ ጫፍ ሄዶ ትከሻውን ሰጠ፤ ጉዞው ቀጠለ።

ስላን መንገዱን ሁሉ የክዋንን ማጅራት ሲመለከት ሄደ። ሰው ነግሮታል? ከሁለቱ አጎቶች አንዱ በዓይኑ ጠቅሶታል? ወይስ ያን ቀን ገበያ ሳይደርስ ተመልሶ፣ ከጓሮው አጥር ኋላ ቆሞ፣ ሽማግሌ ጎረቤቱ እንደ ዶሮ ክምሩን ሲጭር እያየ ስቆ ይሆን? ማጅራቱ ቀልቷል፤ ከፀሐዩ ይሁን ከሳቅ አይታወቅም።

መኪና መንገዱ ላይ ሲደርሱ ወንበሩን አወረዱት። ክዋን ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ፤ የስላንን እግርም አቀማመጡን አስተካከለለት።

«ከብደሃል፣ አያ ስላን» አለ። «ምን ተሸክመህ ኖሯል?»

ስላን አየው። አንዴ ወደ ዓይኑ፣ አንዴ ወደ አፉ አየ። ፊቱ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር አላገኘም።

«‹ስመለስ እነግርሃለሁ› በለው» አለች ሙይ ከጎን፤ «አሁን መኪናው እየመጣ ነው።»

«ስመለስ እነግርሃለሁ» አለ ስላን።